ዓሣው ካለበት ድረስ

አንድ ሰው ነበረ። ዓሣ ማጥመድ የሚያውቅ ሰው። በባሌ ተራሮች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ክር የወረወረ ሁሉ ስሙን ይጠራል። አቶ ይርዳው ይባላል።

የዚያ አገር ወንዞች ቀዝቃዛ ናቸው። ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር ይፈልቃሉ፤ በድንጋይ መካከል እየተንደረደሩ ይወርዳሉ። ውስጣቸው ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ አለ። ከባሕር ማዶ መጥቶ የተለቀቀ ነው ይሉታል። እሱን ለማጥመድ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ አቶ ይርዳውም እነዚያን እንግዶች በወንዙ ዳር እየመራ ነው ጎጆውን ያቆመው።

ይህ ዓሣ በትል ወይም በሥጋ አይጠመድም፤ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ደንብም አይፈቅድም። በላባ ነው የሚጠመደው። መንጠቆው ላይ ላባና ፀጉር በቀጭን ክር ይታሰርና ዝንብ ይመስላል። ዘንጉ እንደ አለንጋ ይለመጣል፤ ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ይሄድና ያቺን የላባ ዝንብ ውኃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ ይመስለዋል። ከሥር ብቅ ይልና ይጎርሳታል። ያን ጊዜ አጥማጁ ዘንጉን ከፍ ያደርጋል፤ አለቀ።

አቶ ይርዳው በዚህ ተወዳዳሪ አልነበረውም። እጁ ቀላል ነው። የሚጥላት ላባ ስታርፍ ውኃው እንኳ አይሰማውም ይባልለት ነበር።

ሌላም ዘዴ አለ። እንግዶቹ ስትሪመር ይሉታል። ይኸኛው ላባ ዝንብ አይመስልም፤ ትንሽ ዓሣ ነው የሚመስለው። የጣት ርዝመት አለው፤ ጭራው ይወዛወዛል፤ አናቱ ላይ ክብደት አለው። አይንሳፈፍም። ይሰምጣል። አጥማጁ ከታች ሰዶ ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ፣ ቆም እያደረገ ያመጣዋል። ትልቁ ዓሣ፣ ከድንጋይ ሥር የማይወጣው፣ የሚያዘው በዚህ ነው።

አቶ ይርዳው ይህን ዘዴ ይንቀው ነበር። «ይህ ማጥመድ አይደለም፤ ድንጋይ መወርወር ነው» ይላል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሚስት ታመመች። ወይዘሮ እማዋይሽ ትባላለች። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሞቹም «ደህና ሆኗል» ብለው ወደ ቤቷ ሸኟት። ቁስሉ ደረቀ። ትኩሳቱ ወረደ። እህል ግን እምቢ አላት።

ገንፎ ቀረበላት፤ ፊቷን አዞረች። አጥሚት ቀረበላት፤ አንዴ ፉት ብላ መለሰችው። ዶሮ ታረደላት፤ ሽታው ብቻ አጥወለወላት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየቻትና አቶ ይርዳውን ወደ ደጅ ጠራችው።

«አባባ፣ እማማ የሆነ ነገር ይብሉ» አለችው። «ያሻቸውን፤ ካሻቸው ደግሞ በሌሊትም ቢሆን። ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒት ብቻውን ምን ያደርጋል? እንዲህ ከቀጠሉ ወደ ሆስፒታል ብንመልሳቸውም አቅሙን ከየት ያመጡታል?»

አቶ ይርዳው ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዋይሽ፣ ምን ቢመጣልሽ ትበያለሽ?»

«ዓሣ» አለች። «የወንዙን። ያን አንተ የምትጠብሰውን።»

ከምግብ ሁሉ መርጣ የጠየቀችው እሱ የሚያውቀውን ነገር ነው! ሌላ ሰው ማስቸገር የለ፣ ገበያ መውረድ የለ። ዘንጉን ከተሰቀለበት አወረደና ወጣ።

ወንዙ ግን የሚያውቀው ወንዝ አልነበረም። ክረምቱ ገና አላለቀም፤ ከላይ ዝናብ ጥሎ ውኃው ሞልቷል። ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ነው። እጁን ነከር አደረገ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ተሰማው። እንዲህ ባለ ውኃ ዓሣ ምን ያደርጋል? ወደ ታች ይወርዳል። ጎርፉ ከማይነካው ድንጋይ ሥር ይገባና ሆዱን መሬት አስነክቶ ይቀመጣል። ዝንብ አያይም። ቢያይም ለአንዲት ዝንብ ብሎ ያን ሁሉ ውኃ ሰንጥቆ አይወጣም።

አቶ ይርዳው ይህን ያውቃል። እያወቀ ግን የለመደውን ወረወረ። ላባዋ ላይ ላዩን ተንሳፍፋ ሄደች። ደግሞ ወረወረ። ደግሞ ሄደች። ቡናማዋን ፈትቶ ግራጫዋን አሰረ። ግራጫዋን ፈትቶ ያነሰች፣ ትንኝ የምታህል አሰረ። ጫፍ ላይ ያለውን ክር አቀጠነው። ከዋርካው ሥር ወደ ድልድዩ ሄደ፤ ከድልድዩ ወደ መሻገሪያው ሄደ።

ወገኖቼ፣ ላባውን ለወጠ። ክሩን ለወጠ። ቦታውን ለወጠ። ያልለወጠው ምን ነበር?

ባዶ እጁን ተመለሰ። ወይዘሮ እማዋይሽ እርጥብ ጫማውን አየችና ዓይኗን ጨፈነች። በማግሥቱም ሄደ፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ያን ቀን ማታ ውኃ በማንኪያ ሲያቀርብላት ከንፈሯ ማንኪያውን አልያዘውም፤ ውኃው በአገጯ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ይርዳው የናቀውን ዘዴ ሊሞክር ወሰነ። አንድ እንግዳ ትቶለት የሄደ ትልቅ ስትሪመር ዕቃው ውስጥ ነበረው። አውጥቶ በለመዳት ቀጭን ዘንግ ላይ አሰረው። ያቺ ዘንግ ግን የተሠራችው ትንኝ ለመሸከም ነው። ሲወረውር ከባዱ ላባ ክሩን ተከትሎ በመሄድ ፈንታ ዞሮ ጆሮ ግንዱን መታው። እንደምንም ውኃው ውስጥ ሲያደርሰው ደግሞ የሚንሳፈፈው ክር ወደ ላይ ይዞ አስቀረው። ክብደት ጨመረበት፤ ሰመጠለት። ድንጋይ ያዘውና ሲስበው ቀጭኑ ጫፍ እንደ ሸረሪት ድር ተበጠሰ።

ከዚያው እንግዳ የተረፈ ሌላ ከባድ ላባ አሰረ። ስንት ጊዜ እንደወረወረ እሱም አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመሻገሪያው በታች፣ የሆነ ነገር ከሥር ጎተተው። ዓሣ ነው! እጁ ዕድሜ ልኩን የለመደውን አደረገ፤ ዘንጉን ወደ ላይ ነጠቀ። ላባው ከዓሣው አፍ ወጥቶ በአየር ላይ በረረና ከኋላው ያለው ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ።

አቶ ይርዳው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ይህን ዘዴ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ያልሄደው ለምን እንደሆነም ያውቅ ነበር።

ሰውየው ክንፈ ይባላል። የእማዋይሽ ታናሽ ወንድም ነው።

ክንፈም አስጎብኚ ነበር። አንድ ዓመት፣ ከክንፈ ጋር የሄደ እንግዳ በስትሪመር አንድ ትልቅ ትራውት ያዘ፤ በዚያ ወንዝ እንዲያ ያለ ታይቶ አይታወቅም። ከተማው ወሬውን ተቀባበለው። እንግዶች ሁሉ «ክንፈ ይምራን» ማለት ጀመሩ። ያን ሰሞን የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አቶ ይርዳው ተነሣና፣ «ያ ዓሣ በላባ አልተያዘም፤ በጥሬ ሥጋ ነው የተያዘው» አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ አዋቂ ነው፤ ቃሉን ማን ይጠራጠራል? ክንፈ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው የለም። ከአስጎብኚነት ተባረረ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ትላላችሁ አይደል? ይህ ግን ወለምታ አልነበረም። ታስቦበት የወጣ ቃል ነበር።

ክንፈ ከዚያ በኋላ እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረ። መጋዙ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰዳቸው። ዛሬ ድንች ይተክላል። እኅቱ ሆስፒታል በነበረች ጊዜ እየመጣ ይጠይቃት ነበር፤ የሚመጣው ግን ባሏ የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ ነው። በቤታቸው ደጃፍ ግን እግሩ አልረገጠም።

አቶ ይርዳው ከድንጋዩ ተነሣ። ጎኑ ያመመው ሰው እንደሚሄድ እየሄደ ወደ ክንፈ ማሳ ወጣ።

ክንፈ ጎንበስ ብሎ እየቆፈረ ነበር። ቀና ሲል አቶ ይርዳውን በአጥሩ በኩል አየው። ዶማው ከእጁ ወደቀ።

«እኅቴ?»

«አለች» አለ አቶ ይርዳው ፈጥኖ። «አለች፣ አለች። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ክንፈ ትንፋሹን ለቀቀና ዶማውን አነሣ። ድሮ «ጋሼ» ነበር የሚለው፤ «አንተ» ነበር የሚለው።

«ታዲያ አቶ ይርዳው ምን ፈልገው መጡ?»

«ዓሣ አማራት። ሌላ እህል እምቢ ብሏታል። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል፤ በእኔ ዘንግ አልሆነም። ያን ጠንካራውን ዘንግህንና የሚሰምጠውን ክር አውሰኝ ብዬ ነው።»

«ዘንጉን?»

«ዘንጉን።»

«ዘንጉ ብቻውን ምን ያደርግልዎታል?»

አቶ ይርዳው እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። ጆሮ ግንዱ ገና ያቃጥለዋል።

«ደግሞስ» አለ ክንፈ፣ «በላባ ምን ያለፋዎታል? በጥሬ ሥጋ አይደል እንዴ እንዲህ ያለው ዓሣ የሚያዘው?»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ወገኖቼ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? «ያለፈው አለፈ፣ አሁን እኅትህን እናስብ» አትሉም? የሚያምር መልስ ነው። እውነትም አለበት። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የተናገርኩት? ማኅበሩ አይደል የወሰነው?» አትሉም? አቶ ይርዳው እነዚህ ሁሉ መልሶች ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሲመጣም መንገድ ለመንገድ ሲያሰናዳቸው ነበር።

የክንፈ እጅ ዶማው ላይ ነበር። ጣት ያለበት ሦስት፣ የሌለበት ሁለት ቦታ ይታያል። አቶ ይርዳው ያን እጅ ከተቆረጠ ወዲህ በቅርብ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

«ያን ቀን ወንዝ ዳር አልነበርኩም» አለ። «ምንም አላየሁም። ዓሣውን ብቻ ነው ያየሁት። ትልቅ ነበር። ቀናሁብህ። ሳላይ ተናገርኩ።»

ክንፈ ቀና አለ።

«ይህን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? እኔማ እዚያው ነበርኩ።»

«ለእነሱም እነግራቸዋለሁ። ሁሉም ባሉበት።»

ክንፈ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፈ፤ ቤት ገባ። ሲወጣ በብርድ ልብስ ቅዳጅ የተጠቀለለ ዘንግና የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል።

«ምን ያህል ሆናት ካልበላች?»

«ቆየች።»

«እንሂድ በቃ» አለ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ክንፈ ዘንጉን ገጣጠመ። ወፍራም ነው፤ ሲለመጥ ከመሐሉ እንጂ ከጫፉ አይደለም። ክሩ ጥቁር፣ ከባድ፣ ውኃ ሲነካ ቁልቁል የሚሄድ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚታሰረውን ጫፍ ክር አቶ ይርዳው ከለመደው በግማሽ አሳጠረው፤ ውፍረቱንም አበዛው።

«ይህን ገመድ ዓሣው አያየውም?» አለ አቶ ይርዳው።

«በዚህ ድፍርስ ውኃ? ዓይኑ ሥር ካልጣልነው በቀር ዘንጉንም አያይም። ከረዘመ ደግሞ ክሩ ሰምጦ ላባው ከላይ ይቀራል።»

ሣጥኑን ከፈተ። ላባዎቹ በተርታ ተሰክተዋል፤ ነጭ፣ ወርቅማ፣ አረንጓዴ። አቶ ይርዳው እጁን ወደ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጭ ሰደደ።

«እሷ ውኃው ሲጠራ ነው» አለ ክንፈ። ከጥግ አንዲት ጥቁር አወጣ፤ ከፍየል ፀጉርና ከአውራ ዶሮ አንገት ላባ የታሰረች፣ መልክ የሌላት። «ዓሣው ከታች ነው ያለው። ከታች ሆኖ ወደ ላይ ያያል። በድፍርስ ውኃ የሚያየው ቀለም አይደለም፤ ጥላ ነው። ጥቁር ጥላው ይጎላል።»

ከዚያ ዘንጉን ሰጠው። አቶ ይርዳው ግራ ገባው።

«አንተ አትወረውርም? ለእኅትህ ነው እኮ።»

ክንፈ ግራ እጁን አነሣ። «ክሩን የሚስበው ይህ እጅ ነው። ይይዛል ብለው ነው?»

አቶ ይርዳው ዘንጉን ተቀበለ።

«ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ በስተላይ ይወርውሩ» አለ ክንፈ። «መሐል አይደለም፤ ጎርፉ ይወስደዋል። ድንጋዩ ጀርባ ረጋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ይግባ። አዎ። አሁን ይተዉት።»

አቶ ይርዳው ክሩን ሊስብ ጀመረ።

«ይተዉት አልኩ። ይስመጥ። በረጅሙ ይተንፍሱ። ደግመው ይተንፍሱ። እስካሁን ግማሽ መንገድ ነው የወረደው። አሁን ሳብ ያድርጉ፤ አጭር። ቆም። ሳብ። ቆም። የታመመ ትንሽ ዓሣ ነው እያሉ ያስቡ። ጤነኛ አይደለም፤ አይሮጥም።»

ብዙ ወረወሩ። ላባው አልፎ አልፎ ድንጋይ ሲነካ በክሩ ይሰማል። አቶ ይርዳው ደነገጠ። «ሊይዘኝ ነው።»

«ድንጋይ ካልነካ ዓሣው ያለበት አልደረሰም» አለ ክንፈ። «ሁለት ሦስት ላባ ይጠፋል። ይጥፋ።»

ከዚያ ቆም ባለበት ቅጽበት፣ ከሥር፣ ክሩ ጠነከረ። የአቶ ይርዳው ክንድ ራሱ ተነሣ። ዘንጉ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ላባው ወጣ። ዓሣው ሄደ።

አቶ ይርዳው ዘንጉን ድንጋዩ ላይ ሊወረውረው ምንም አልቀረው። «አየህ? አየህ? እጄ እኮ ነው!»

ክንፈ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በትንኝ የለመደ እጅ እንዲያ ነው። ላይ ላዩን የበላ ዓሣ ወደ ላይ ሲሳብ ይያዛል። ይኸኛው ግን ከታች ነው የያዘው፤ ወደ ላይ ሲነጥቁት አፉ ውስጥ ያለውን ነው የሚያወጡለት። ሲነካዎ ምንም አያድርጉ። ዘንጉ እንደተኛ ይተኛ። በእጅዎ ብቻ ክሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ።»

ቀላል ይመስላል። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ያደረገን ክንድ «ተኛ» ማለት ግን ቀላል አይደለም። ክንፈ ይህን አወቀ መሰለኝ፣ ከአቶ ይርዳው ኋላ መጥቶ ቆመና በዚያ ጣት በጎደለው እጁ የአቶ ይርዳውን ክንድ ከላይ ያዘው።

ወረወሩ። ሰመጠ። ሳብ። ቆም። ሳብ።

መጣ!

«አታንሣ! ጋሼ፣ ዘንጉን አታንሣ! ሳብ! በእጅህ ሳብ!»

ክንዱ ሊነሣ ታገለ፤ እጁ ግን ተጭኖ ያዘው። አቶ ይርዳው በግራው ክሩን ጎተተ። ክሩ ጠነከረ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከሥር ከበድ ያለ ሕይወት ያለው ነገር ወደ ጎርፉ ሊሮጥ ታገለ። ያ ወፍራም ክር ያዘው። ሁለቱ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ዓሣውን ወደ ዳር አወጡት።

ትልቅ አልነበረም። ከክንድ ያጠረ ነው። ለአንድ በሽተኛ ይበቃል።

«ጋሼ» ማለቱን ሁለቱም ሰምተዋል። ማናቸውም አላነሡትም።

ወደ ቤት ሲገቡ ወይዘሮ እማዋይሽ በሩን ስትመለከት መጀመሪያ ባሏን አየች፤ ቀጥሎ ከጀርባው፣ ደፉን ሊረግጥ እያመነታ የቆመውን ወንድሟን።

«ምነው ትቆማለህ?» አለችው በዚያች በደከመች ድምፅ። «በርዷል፤ ዝጋው።»

ገባ። ዘጋው።

አቶ ይርዳው ዓሣውን ጠበሰ። ክንፈ እሾሁን ለቅሞ፣ ሥጋውን በጣቶቹ እየቆራረጠ አጎረሳት። አንድ ጉርሻ ዋጠች። ትንሽ ቆየች። አፏን ደግማ ከፈተች። አቶ ይርዳው ምድጃው ጥግ ቆሞ ነበር፤ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ሲያይ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወገኖቼ፣ ዓሣው ነው ያዳናት ብዬ አልሰብክላችሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መብላት ጀመረች። ክንፈና ባሏ እየተፈራረቁ አጎረሷት። ወራት ወሰደ፤ ተነሣች።

አቶ ይርዳውም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ። «ስለ ክንፈ የተናገርኩት ሐሰት ነው። አላየሁም» አለ። አንድ ሰው፣ «ይህን ለመናገር ይህ ሁሉ ዓመት?» አለው። አቶ ይርዳው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እንግዶች «ይርዳው ይምራን» ማለቱን ቀነሱ። የክንፈ ስም ተመለሰ፤ ሥራውም ተመለሰለት። ጣቶቹ አልተመለሱም። አቶ ይርዳው ይህን ያውቃል፤ አብረው ወንዝ ሲወርዱ ክሩን የሚስበው እሱ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው።

እናንተስ? እናንተ በማን ላይ ነው ስትወረውሩ የከረማችሁት?

ያስቀየማችሁት ሰው አለ። ወንድም ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ምናልባት ልጃችሁ ነው። ትታችሁታል አልልም፤ አልተዋችሁትም። በበዓል ስልክ ትደውላላችሁ። በሰው በኩል «ሰላም በሉልኝ» ትላላችሁ። ሰርግ ላይ ስትገናኙ እጅ ትጨብጣላችሁ። አልመጣም? አማላጁን ትለውጣላችሁ። ስጦታውን ትለውጣላችሁ። ከዚያ ምን ትላላችሁ? «እኔ የድርሻዬን አድርጌአለሁ፤ እሱ ነው ልቡ የደነደነ።»

ልቡ ደንድኖ ይሆን? ወይስ እናንተ ላይ ላዩን እየሄዳችሁ ነው?

ያ ሰው ያለው ከታች ነው። ጎርፍ መጥቶበት ነው የወረደው፤ አንዳንዴም ጎርፉን የሰደድነው እኛ ነን። «ሰላም በሉልኝ» እዚያ ድረስ አይወርድም። «ያለፈው አለፈ» አይወርድም። የሚወርደው ክብደት ያለው ቃል ብቻ ነው። «ሳላይ ተናገርኩ።» «ቀናሁብህ።» «ልክ አልነበርኩም።» ይህ ቃል መልክ የለውም። አያብረቀርቅም። ግን ይሰምጣል።

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈልግ እንዴት ነበር ያደረገው? ከላይ ሆኖ «ውጡ» ብሎ ነበር የቀረው? አልቀረም። ወረደ። እኛ ወዳለንበት ጭቃ፣ ወዳለንበት ብርድ፣ ሞታችን ውስጥ ድረስ ወረደ። እሱ እንዲያ ከወረደ እኛ ምን ብንሆን ነው ከወንድማችን ደጅ የምንቀረው?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እውነቱን በነገራችሁት ቀን ያ ሰው አያቅፋችሁ ይሆናል። ይነክሳችኋል። «አሁን ነው የታየህ?» ይላችኋል። የልጆቹን ረኃብ፣ የጠፋበትን ስም ይቆጥርባችኋል። ያን ጊዜ ክንዳችሁ ራሱ ይነሣል። «አንተም እኮ…» ልትሉ ነው። አትበሉ። በአንድ «አንተም እኮ» ስንቱ ዕርቅ ተበጥሷል! የነከሳችሁ ሰው ገና ክሩ ላይ ነው ያለው። ዝም በሉና ስሙት። እስኪጨርስ ስሙት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እግራችሁ በራሱ ይወስዳችኋል። ያን ሌላኛውን መንገድ ነው የምላችሁ፤ ማንም ስለማይሄድበት ሣር የበቀለበትን። በእሱ ሂዱ። ዛሬ፣ ሳይመሽ። እግዚአብሔር ከፊታችሁ ይቅደም፤ የምትናገሩትንም እውነት በአፋችሁ ያኑር።